ማረሻ እስከሚደርስበት

ማንበብ ያስተማረኝ ሰው የለም። ይህን ስናገር ልጆቼ ዓይናቸውን ወደ ጣራ ይሰቅላሉ፤ ብዙ ጊዜ ሰምተውታል። ቢሆንም እውነት ነው። ገነተ ማርያም ግድግዳ ላይ በፈረስ የተቀመጠውን ቅዱስ በፈረሱ አውቀው ነበር። ከራሱ በላይ የተጻፈው ስሙ መሆን አለበት ብዬ «ጊ፣ ዮ፣ ር፣ ጊ፣ ስ» እያልኩ ምልክቶቹን በጣቴ ተከተልኩ። መጀመሪያ ያየሁት ምልክት ተመልሶ ሲመጣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መሆኔን ረስቼ ጮህኩ። አንድ ቄስ በመቋሚያቸው ወገቤን አሉኝ። እኔ ግን ፊደል ገብቶኝ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ላሊበላ ገበያ በርበሬ የሚጠቀለልበትን የጋዜጣ ቅዳጅ ሁሉ አነበብኩ። አብዮቱ መጥቶ የገበሬ ማኅበር ሲቋቋም፣ አዋጅ አንብቦ የሚያስረዳ ሰው ተፈለገና ከእኔ ሌላ አልተገኘም። ጸሐፊ ሆንኩ። ሊቀመንበሩ ማኅተሙን ይይዛል፣ እኔ ነገሩን እይዛለሁ። ከአውራጃ የሚመጡ ካድሬዎች እንኳ ሳይቀሩ «እስቲ ጓድ ጸሐፊ ያብራሩልን» ይሉኝ ነበር። የተጠየቅሁትን ሳልመልስ የተቀመጥኩበት ስብሰባ አልነበረም። በላስታ ምድር እንደ እኔ አዋጅ የሚተነትን ገበሬ ነበር ቢሉኝ ዛሬም አላምንም።

ታላቅ ወንድሜ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። አያ እለዋለሁ። አባታችን ርስቱን በክርክር ጨርሶ ስለሞተ፣ አያ እስከ ጎልማሳነቱ የሰው መሬት በእኩል ሲያርስ ኖረ። ካጨደው ግማሹ ወደ ሰው ጎተራ ሲገባ ቆሞ ያይ ነበር፤ አንድም ቀን ሲያማርር አልሰማሁትም። መሬት ሲከፋፈል ለእሱ የደረሰው ማሳ ከአሸተን ማርያም በታች፣ ከገደሉ ሥር ያለው ተዳፋት ነበር። ማንም የማይፈልገው ቦታ ነው። በማሳው ራስ ላይ ካለው ቋጥኝ ስንጥቅ ቅባት ያለው ውሃ ይወጣል። በክረምት ላዩ እንደ እርግብ አንገት ይለዋወጣል፤ ሽታው ራስ ያዞራል። ሰው አህያው እከክ ሲይዘው ይቀዳዋል፤ የሞፈሩ ጠፍር የደረቀበትም ያለሰልስበታል። ከዚያ ሌላ ጥቅም የለውም። የነካው አፈር ደግሞ ሣር እንኳ አያበቅልም።

አያ ያን ቦታ ማሳ አደረገው። የቅባቱን ውሃ ቦይ ቆፍሮ ወደ ሸለቆው መለሰ። ድንጋዩን ለቅሞ በተዳፋቱ ላይ ካብ ካበ። ካቡ አፈር ያዘ፤ አፈሩ ገብስ ሰጠ። እኔ ሥራው ሲያልቅ ሄጄ አየሁለት። ካቡ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ መዳፉ ተላልጧል።

«የኔ ነው እኮ» አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም። በዕድሜው ሙሉ ስለ መሬት ሲናገር «የኔ» የሚለውን ቃል ሲጠቀም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ በጋ ገብሱ ተወቅቶ ማሳው ባዶ በሆነበት ወራት ከአውራጃ አንድ ካድሬ መጥቶ ስብሰባ አስጠራ። ከወይራው ሥር ተሰበሰብን። ካድሬው እንደነገረን ከአዲስ አበባ የከርሰ ምድር መሐንዲስ ይመጣል። የሚመጣው ደግሞ የአያን የቅባት ውሃ ለማየት ነው፤ ከሥሩ ነዳጅ ሊኖር ይችላል። ይህን ተናገረና «ዝርዝሩን ጓድ ጸሐፊ ያብራራሉ» ብሎ ተቀመጠ።

ዝርዝሩን ለእኔም የነገረኝ አልነበረም። ተነሣሁና አብራራሁ።

«ነዳጅ ከተገኘ የግለሰብ አይሆንም» አልኩ። «መሬት የሰፊው ሕዝብ ነው። ከመሬት በታች ያለውም የሰፊው ሕዝብ ነው፤ የሚያስተዳድረው ግን መንግሥት ነው። ድሮ ቢሆን የውጭ ከበርቴ መጥቶ ከመኳንንቱ ጋር ተካፍሎት ይሄድ ነበር። ዛሬ መንግሥት ራሱ ያስጠናል፣ ራሱ ያስቆፍራል፣ ገቢውንም ለልማት ያውላል።»

ጥሩ ተናገርኩ። ዛሬም ቢሆን ከዚያ ንግግር አንድ ቃል አልቀንስም። ተጨበጨበልኝ።

አያ እጁን አወጣ። በስብሰባ ላይ እጁን ሲያወጣ አይቼው አላውቅም ነበር።

«ሰፊው ሕዝብ ውስጥ እኔ አለሁ?» አለ።

ሰው ሳቀ።

«አለህ እንጂ አያ» አልኩት።

«ጥሩ። ከላይ ያለው ገብስስ የማን ነው?»

«ያንተ ነው። አራሹ አንተ አይደለህ?»

«የገብሱ ሥርስ?»

«ሥሩም ያንተ ነው።»

«ሥሩ ወደ ታች ነው የሚሄደው።» መሬቱን በበትሩ ነካ አደረገ። «እንግዲህ ንገረኝ፤ እኔ እስከ የት ድረስ ነኝ? መንግሥት ከየት ይጀምራል?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ካድሬውም ዞረ። ሊቀመንበሩ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። በዚያ ዘመን «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

«ማረሻ እስከሚደርስበት» አልኩ። «ማረሻ እስከሚደርስበት ያንተ ነው፤ ከዚያ በታች የመንግሥት ነው።»

ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ሲወጣ ግን አዋጅ ይመስል ነበር። ካድሬው «ትክክል» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አያ ለአፍታ አሰበና ተቀመጠ፤ ፊቱ ፈታ አለ። ያን ፊት ሳይ ጥሩ ነገር የሠራሁ መሰለኝ።

ቃሉ ከእኛ ቀበሌ አልፎ ሄደ። ገበያ ላይ የማላውቀው ሰው እኔኑ መልሶ ሲነግረኝ ሰማሁ። በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ ጥልቅ ማረስ ጀመረ። አንድ ጎረቤታችን ቀጥቃጭ ዘንድ ሄዶ የማረሻውን ብረት አስረዘመ። ሌላው ሞፈሩ ላይ ልጁን አስቀምጦ ሲያርስ ታየ፤ ክብደቱ ብረቱን ወደ ታች እንዲገፋለት ነው። አያም በባዶው ማሳ ላይ በሬዎቹን ጠምዶ እዚያው ትልም ላይ ተመላለሰ። ምን እየሠራ እንደሆነ ስጠይቀው «ድርሻዬን እያሰፋሁ ነው» አለኝ። በሬዎቹ አረፋ ደፍቀው ነበር። እኔ ሳቅኩ፣ እሱ አልሳቀም።

መሐንዲሱ የሚመጣበት ቀን ሲቃረብ ወደ ቋጥኙ ወጥቼ የቅባቱን ውሃ አየሁት። የበጋው ፀሐይ አድርቆታል። የቀረው ስንጥቁ ላይ ያለች ጥቁር እድፍና ከሥሯ ጭብጥ የማትሞላ ውሃ ናት። ወደ ቤት ስመለስ ለሰማኝ ሁሉ «የመንግሥት እንግዳ ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ መጥቶ የደረቀ ድንጋይ ሊያይ ነው» እያልኩ አለፍኩ። ማዘኔን ለመግለጽ ያህል ነበር።

በእኛ አገር አንድ ቤት ድንገት ትልቅ እንግዳ ሲመጣበት የጎደለውን ጎረቤት ይሞላዋል። አንዷ ወጥ፣ አንዷ ጠላ፣ አንዷ ቅቤ ይዛ በጓሮ በር ትገባለች። ማን ምን እንዳመጣ አይነገርም፤ እርስ በርስ እንኳ አይጠያየቁም። እንግዳው ሁሉም ከዚያው ቤት የወጣ መስሎት በልቶ አመስግኖ ይሄዳል። እኔ ይህን ልማድ እንደ ማንም አውቀዋለሁ። ለቋጥኝም ይሠራል ብዬ ግን አላሰብኩም።

መሐንዲሱ ጠና ያለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነበር። መኪናው የሚደርሰው እስከ ወንዙ ስለሆነ ከዚያ ወዲህ በእግሩ ወጣ። ካድሬው ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን ማሳው ደረስን። ቀበሌው ሁሉ ወጥቷል፤ ሴቶቹ የአያን ካብ ተደግፈው ቆመዋል። ቋጥኙ ዘንድ ስንደርስ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ስንጥቁ ያብረቀርቃል። ከሥሩ ያለችው ጉድጓድ እስከ አፏ ሞልታለች፤ ቅባቱ ላይዋ ላይ ክብ እየሠራ ይንሳፈፋል።

መሬት ለሚያከብራት ትሰጣለች ብዬ ንግግሬን ጀመርኩ። ስለ አገር ሀብት ተናገርኩ። ይህች ትንሽ ጉድጓድ የባሕር ጫፍ መሆኗን ተናገርኩ። ነገ ከዚህ ተዳፋት የሚወጣው ነዳጅ የስንቱን ፋብሪካ መዘውር እንደሚያዞር ስናገር እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ነበር። መሐንዲሱ አላቋረጠኝም። ተንበርክኮ ጣቱን ነከረ፤ አሸተተ። እንደገና ነከረና አሸተተ። ከዚያ ቀና ብሎ ሊቀመንበሩን ተመለከተ።

«እዚህ አካባቢ ላምባ የሚሸጠው የት ነው?»

«ላሊበላ ነው ጌታ…» ሊቀመንበሩ ካድሬውን አየና አረመ፤ «ላሊበላ ነው ጓድ።»

«እንዲያ ከሆነ ይህ ላምባ ብዙ መንገድ መጥቷል» አለ መሐንዲሱ።

እጄ ገና ወደ ሰማይ ነበር። እንዴት እንደማወርደው ጠፋኝ።

ካድሬው ነገሩ የገባው ቀስ ብሎ ነው። ሲገባው ፊቱ ተለወጠ። «አሻጥር!» ብሎ ጮኸ። «የመንግሥትን ጥናት ለማሰናከል የተሠራ አሻጥር ነው! ማሳው የማን ነው?»

አያ ወደ ፊት ወጣ። «የኔ ነው» አለ። ያው ቃል፤ ካቡ ላይ ተቀምጦ ለእኔ የነገረኝ።

«የነበረ በል! ለአሻጥረኛ መሬት የለም። ዛሬውኑ ይነጠቃል፤ አንተም ከእኔ ጋር ትወርዳለህ!»

በዚያ ዘመን እንዲህ የተባለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም እናውቃለን። አያ መሬቱን ያይ ነበር፣ እኔን አላየኝም። የሚናገር ሰው የሚያስፈልግበት ሰዓት ቢኖር ያ ነበር። እኔ ተናጋሪው፣ በሰባት ቀበሌ አፌ የተመሰከረለት፣ ምላሴ ከትናጋዬ ጋር ተጣበቀ።

«እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ከካቡ በኩል መጣ። የአያ ሚስት ናት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። «ትናንት ብመጣ ደርቋል። ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ ለፍቶ መጥቶ ባዶ ድንጋይ ይይ? የኩራዜን ላምባ ጨመርኩበት። የራሴን ነው፤ የሰው አልነካሁም።»

አያ ወደ ሚስቱ ዞረ። «መሬታችንን ልታስወስጂ» አላት፣ «ያውም በገዛ ላምባሽ?»

«እሱን አላሰብኩትማ» አለች። «እንግዳውን ነው ያሰብኩት።»

መሐንዲሱ ጣቱን ዳግመኛ አሸተተ። «የኑግ ዘይትም አለበት» አለ።

የሊቀመንበሩ እናት ከሴቶቹ መካከል በትራቸውን ተደግፈው ወጡ። ካድሬው እንኳ ለእሳቸው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። «ኑጉ የኔ ነው ልጄ» አሉ። «ትንሽ ናት። ለመሙያ ያህል ነች።»

«ጥቁሩስ?» አለ መሐንዲሱ። «ይህ ጥቁር የሞተር ዘይት ነው። የተቃጠለ።»

ሁሉም ዞር ዞር አለ። ሊቀመንበሩ ኮቱን ቆለፈ፣ መልሶ ፈታው።

«ከከተማው ወፍጮ ቤት ያመጣሁት ነው» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ቀለሙ እንዲያምር ብዬ።»

መሐንዲሱ ሄዶ የአያ ካብ ላይ ተቀመጠ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የታመመ መስሎን ነበር፤ ለካ እየሳቀ ነው። ሴቶቹ ሳቁ። ሊቀመንበሩ ሳይቀር ሳቀ። ካድሬው ለጥቂት ጊዜ እንደተቆጣ ቆየ፤ ሊቀመንበሩንና እናቱን አሻጥረኛ ብሎ አስሮ ለመውረድ ግን ልብ አላገኘም። በመጨረሻ ጀርባውን ሰጥቶን ሸለቆውን ማየት ያዘ።

እኔ ብቻ አልሳቅኩም። ሦስቱም እንግዳ ያከበሩ ሰዎች ነበሩ። በሰው ላምባ ላይ ቆሞ ስለ አገር ሀብት የሰበከው እኔ ነኝ።

ሳቁ ሲበርድ አያ ወደ መሐንዲሱ ቀረበ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የኔ ድርሻ ማረሻ እስከሚደርስበት ነው ተብሏል። እውነት ነው?»

«ማን ነው ያለህ?»

«በስብሰባ ተባለ» አለ አያ። ስሜን አልጠራም። ሰው ሁሉ ግን ወደ እኔ ዞረ፤ መሐንዲሱም የሰዉን ዓይን ተከትሎ አገኘኝ። በዚያች ቅጽበት ከቋጥኙ ስንጥቅ ብገባ ደስ ባለኝ። ቅድም እጄን ዘርግቼ ስናገር ያልፈረደብኝ ዓይን ነበር፤ አሁንም አልፈረደብኝም። ያዘነልኝ ይመስል ነበር፤ እሱ ነው የከፋው።

«እንዲህ የሚል ሕግ የለም» አለው ለአያ። «ላዩም ታቹም የመንግሥት ነው። አንተ የምትጠቀምበት ነህ። ገብስህና ካብህ የድካምህ ናቸው። ነዳጅ ቢገኝ መንግሥት ለእነሱ ግምት ይከፍልሃል፣ ሌላ መሬትም ይሰጥሃል።»

«የት?»

«እሱን እኔ አልወስንም።»

«ካብ ያለው ነው የሚሰጠኝ?»

መሐንዲሱ የተቀመጠበትን ካብ በእጁ ዳሰሰ።

ከዚያ የተሞላውን ጉድጓድ አስጠርጎ፣ ሰው ካልደረሰበት ከስንጥቁ ውስጥ በማንኪያ የምታህል ጥቁር ነገር ፍቆ በጠርሙስ ያዘ። «ሊኖር ይችላል፣ ላይኖርም ይችላል» አለ። ሾፌሩ የብረት ችካል ተሸክሞ መጣና ማሳው መካከል፣ ገብሱ በደንብ በሚይዝበት ቦታ፣ በሲሚንቶ ተከለው። አናቱ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። «እንዳትነቅሉት። ውጤቱ ይነገራችኋል» ብሎን ሄደ። ደግ ሰው ነበር፤ ይህን ልመስክርለት። ከዚያ በኋላ ግን አላየነውም።

እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማረሻ ተባልኩ። ሠርግ ቤት ዋንጫዬን አጋማሽ ድረስ ይሞሉልኝና «ያንተ እስከዚህ ነው፤ የቀረው የመንግሥት ነው» ይሉኛል። የማነብላቸውን አዋጅ ዝም ብለው ይሰሙና መጨረሻ ላይ አንዱ «እስከ የት ነው የሚደርሰው?» ይላል፤ ሌላው ይስቃል። ያ ሁሉ ያልፋል፤ እችለዋለሁ። ያልቻልኩት የአያን ነበር።

በመጀመሪያው ክረምት ጎርፍ ከካቡ አንድ ጫፍ ናደ። አያ ቤቴ መጣ። ስለ ላምባውም ስለ ማረሻውም አንስቶብኝ አያውቅም።

«ልካበው ወይስ ልተወው?» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ብክበውና መሬቱ ቢወሰድ ድካሜ ከንቱ ነው። ብተወውና ባይወሰድ አፈሬ ሄደ። አንተ የመንግሥትን ነገር ታውቃለህ። የቱ ይሻላል?»

«ውጤቱ ይምጣ» አልኩት። «በቅርቡ ይነገረናል።»

ሄደ። በሚቀጥለው ክረምት ተጨማሪ ተናደ። እንደገና መጣ፤ እንደገና ያንኑ ጠየቀኝ፤ እንደገና «ውጤቱ ይምጣ» አልኩት። ለእሱ ይህ የትዕግሥት ጉዳይ ሆነ፣ ለእኔ ደግሞ የሽሽት። መንገድ ላይ ከሩቅ ሳየው በሌላ በኩል መዞር ጀመርኩ። የታላቅ ወንድሜን ሰላምታ የፈራሁት አንድ ጥያቄ ይዞ ስለሚመጣ ነው።

እሱም ችካሉን እየዞረ ያርሳል። በሬዎቹ እዚያ ሲደርሱ ራሳቸው መዞር ለመዱ። ካቡ በፈረሰበት በኩል አፈሩ እየታጠበ ነጭ ድንጋይ ወጣ። ገብሱ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ እየሳሳ ሄደ። ዝናብም እያጠረ የመጣበት ጊዜ ነበር፤ ከሌላው ሰው ማሳ ይልቅ የአያ ቀድሞ ራቆቱን ቀረ። ያን ያህል ሠራተኛ ሰው የተናደ ካብ ፊት እጁን አጣጥፎ ቆሞ አየሁት። ስንፍና አልነበረም። የራሱ ይሁን አይሁን ያላወቀውን ነገር መሥራት አቃተው።

በመጨረሻ ወደ ደሴ ሄድኩ። ማንም ሳይልከኝ፣ በጭነት መኪና ላይ፣ ውጤቱን ይዤ ልመለስ። ማረሻ የሚለውን ስሜን ደሴ ጥዬው እንደምመጣ እርግጠኛ ነበርኩ።

በመጀመሪያው ቢሮ፣ በማዕድኑ፣ ያገኘሁት ሰው የችካሉን ቀለም ጠየቀኝ። ቀይ ነው ስለው «ቀይ የእኛ አይደለም፣ የመንገድ ነው» አለኝ። የመንገዱ ሰው «የእኛ ብረት አይደለም፤ ይህ የውሃ ጥናት ይሆናል» አለ። የውሃው ሰው ወደ መጀመሪያው መለሰኝ። እዚያው ኮሪደር ላይ አንድ መነጽር ያደረገ ሠራተኛ አዘነልኝና ወንበር ሰጠኝ። አዋጁን እንደማውቅ፣ ማንም ሳያስተምረኝ ማንበብ እንደቻልኩ፣ የማኅበር ጸሐፊ እንደሆንኩ ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝ።

«ምናልባት ጥናቱ አልቋል» አለ።

«ውጤቱስ?»

«ውጤት የሚነገረው ለሚመለከተው ነው።»

«የሚመለከተው ማን ነው?»

«መንግሥት ነዋ። ሀብቱ የመንግሥት አይደል?»

«ወንድሜስ? መሬቱ ላይ ያለው እሱ ነው።»

ፈገግ አለ። በክፋት አልነበረም። «ወንድምህ ሰፊው ሕዝብ ውስጥ አለ አይደል?» አለኝ።

እኔ ለአያ የሰጠሁት መልስ ነው። በዚያ ወይራ ሥር ቆሜ፣ ሰው እየሳቀ፣ እኔ ራሴ «አለህ እንጂ አያ» ያልኩት። ለሌላው ስትናገረው ሙሉ መልስ ይመስላል፤ ለራስህ ሲነገርህ ምንም እንደሌለበት ታያለህ። ወንበሩ ላይ ጆሮዬ ድረስ ፊቴ ጋለ። ሠራተኛው ከዚያ በላይ የሚያውቀው ነገር አልነበረውም፤ እኔም እሱን የምወቅስበት አፍ አልነበረኝም። አመስግኜ ወጣሁ።

ስመለስ አያ ማሳው ላይ ነበር፤ ከተናደው ካብ አጠገብ ቁጭ ብሏል። መሄዴን ሰምቷል። ቀና ብሎ ጠበቀኝ። በመንገድ ላይ የሚነገር ነገር አዘጋጅቼ ነበር፦ ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው፣ በቅርቡ ኮሚቴ ይወርዳል፣ የሚል። አጠገቡ ስደርስ ያዘጋጀሁት ሁሉ የላምባ ሽታ ሸተተኝ።

«እህ?» አለ። «ልካበው ወይስ ልተወው?»

«አላውቅም አያ» አልኩት።

«እነሱስ?»

«እነሱም አያውቁም። ችካሉን ማን እንደተከለው እንኳ አያውቁም።»

የሚቆጣ መሰለኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በረጅሙ ተነፈሰ፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ያልሰማሁትን ሳቅ ሳቀ።

«እንዲህ ብትለኝ ኖሮ ገና ያኔ እክበው ነበር» አለ። «የሚያውቅ ሰው አለ ብዬ እኮ ነው የጠበቅኩት።»

ተነሥቶ ከፍርስራሹ አንድ ድንጋይ አገላበጠና እጄ ላይ አኖረው። ከባድ ነበር። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ከድንጋይ ይልቅ ከወረቀት ጋር የምስማማ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን እንቢ የምልበት ፊት አልነበረኝም። እሱ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ ሆነን መካብ ጀመርን። ሚስቱ ንፍሮ ይዛ መጣች። ድንጋይ ተሸክሜ ስታየኝ ሰሐኑን አስቀምጣ «ማረሻ ዛሬ ጠለቅ ብሎ ነው የሚያርሰው» አለች። አያ አልሳቀም፤ ከንፈሩን ግን ነከሰ።

ነዳጁ ይኑር አይኑር እስካሁን የነገረን የለም። ችካሉ እዚያው ነው። ቀለሙ ለቅቆ ዝጓል፤ እከክ የያዘው አህያ ይታከክበታል። ገብሱ ከዚያ በኋላ ተመልሶ መጣ፤ እንደ ድሮው ባይሆንም የአያን ቤት ያቆየው ያ ማሳ ነው።

ካቡም ዛሬ ድረስ አለ። አያ የካበው ወገን ከዓመት ዓመት አልተነቃነቀም። የእኔ ወገን ትንሽ ሆዱ ወጣ ያለ ነው። በየክረምቱ መጨረሻ ከዚያ ጥቂት ድንጋይ ይወርዳል። ማንም ሳያስተምረኝ የካብኩት ነው፤ ለጀማሪ መጥፎ አይደለም። ቢሆንም ዝናቡ እንዳባራ፣ ሰው ወደ ማሳ ሳይወጣ፣ በትሬን ይዤ ቀድሜ እሄድና የወረደውን መልሼ አስቀምጣለሁ።